የደጋ ገላ በቆላ ሙቀት

በአርሲ ደጋ፣ ዲክሲስ ላይ ሆኖ ስለ ሙቀት ማውራት የማያስፈልግ ይመስላል። ጠዋት ጋቢ የሚደረብበት፣ ማታ እሳት የሚሞቅበት አገር ነው። የደጋ ሰው ግን ሁልጊዜ ደጋ ላይ አይውልም። ለንግድ አዳማ፣ ለቀን ሥራ ወንጂና መተሐራ፣ ለፍል ውሃ ሶደሬ ይወርዳል። ጉዞው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ ገላው የማያውቀው ሙቀት ይጠብቀዋል። ሙቀት ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ያልለመደውን ነው።

ቁልቁል ሲወርዱ ምን ይለወጣል?

በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ትላለች። ስለዚህ አሰላ ላይ 23 ዲግሪ በሆነበት ቀን መተሐራ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በኢተያና በዴራ በኩል አውቶቡስ ይዞ የወረደ ሰው ይህን ሁሉ ለውጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቀበላል።

ሰውነታችን የራሱን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ይታገላል። ዋና መሣሪያው ላብ ነው። ገላን የሚያቀዘቅዘው ግን የላቡ መውጣት ብቻ ሳይሆን ከቆዳ ላይ መትነኑ ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ወይም ልብሱ ወፍራም ከሆነ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም በውስጥ ይጠራቀማል።

ገላ ሙቀትን ይለማመዳል፤ ለዚህ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ቶሎና ብዙ ማላብን ይማራል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የልብ ምቱም ይረጋጋል።

ጉልበት ብቻውን ይህን አይተካም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በዶሃ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲጀመር ተደርጎ ነበር። ሆኖም ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነው እርጥብ አየር ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ። የዓለም ምርጥ ሯጮች እንዲህ ከሆኑ፣ ከአርሲ ደጋ ትናንት የወረደ የቀን ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከነባሮቹ እኩል ልሥራ ማለት የለበትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ለአዲስ ሠራተኛ የሚመከረው መጠን ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን መሥራት፣ ከዚያ በየቀኑ ሌላ አንድ አምስተኛ መጨመር። ከባዱን ሥራ ማለዳና አመሻሽ ላይ አድርጎ፣ ቀትሩን በጥላ ሥር ማሳለፍ ነው። አሠሪዎችም ይህን ቢያውቁት ሰው ያተርፋሉ።

ውሃ ጥም ሳይጠብቁ ይጠጣል፤ በሥራ ላይ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ሽንት ጠቆር ካለ ገላው ውሃ አንሶታል ማለት ነው። ብዙ ላብ ከወጣ ጨውም አብሮ ስለሚወጣ መተካት አለበት። ለዚህ የአርሲ ገብስ መልስ አለው፤ በውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ጨው የተደረገበት በሶ ውሃም፣ ጨውም፣ ጉልበትም ይሰጣል። አሬራም ጥሩ ነው። ጠላና አረቄ ግን ጥም የቆረጡ ቢመስሉም ውሃን በሽንት ያስወጣሉ።

በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በበጋው ማብቂያ፣ በየካቲትና መጋቢት ተገናኝተዋል። የሚጾም ሰው በሚፈቀድለት ሰዓት ውሃውን አንዴ ሳይሆን ከፋፍሎ ይጠጣ፤ ከባድ ሥራውንም ወደ ማለዳ ያምጣ። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ከመጾማቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

መስኮቱን ክፈቱት

በአውቶቡስ ስንሄድ ብርድ ይመታናል ብለን መስኮት እናስዘጋለን። ደጋ ላይ ያደግንበት ጥንቃቄ ነው። ቆላ ሲደርሱ ግን በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ላብን የሚያተን መድኃኒት ነው። ሕፃናትም ከደጋ በተጠቀለሉበት ብርድ ልብስ እንዳሉ አይውረዱ፤ በመንገዱ ላይ ልብሳቸውን መቀነስ፣ የሚጠቡትንም ቶሎ ቶሎ ማጥባት ያስፈልጋል። በቆመ መኪና ውስጥ ሕፃን ለአፍታም አይተውም።

«ምች መታው» ከማለት በፊት

ከፀሐይ የገባ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያተኩሰው «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ በጋቢ ተሸፋፍኖም እንዲያልበው ይደረጋል። ገላው በሙቀት የተቃጠለን ሰው ግን መሸፈን ሊገድለው ይችላል።

ላቡ የሚወርድ፣ የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸውና ጡንቻው የሚኮማተር ሰው ጥላ፣ ዕረፍትና ውሃ ይበቃዋል፤ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከተገኘ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጦ መስጠት ይሻላል። ገላው እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ የሚዘባርቅ፣ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ደቂቃዎች ይቆጠራሉ። ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን ማውለቅ፣ መላ ገላውን በውሃ ማራስ፣ ማራገብ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርድም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ እስኪመጣ ድረስ ማቀዝቀዙ አይቋረጥም።

ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ለሚመጣ ትኩሳት ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አለ። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የደጋ ሰውም አይቋቋመውም። እዚያ ሲያድሩ አጎበር መጠቀም፣ ትኩሳት ሲጀምር ሳይዘገዩ ደም መመርመር ነው።

የዲክሲስም ፀሐይ አትናቅም

አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ስለሚያታልል አይሰማንም እንጂ፣ በስንዴ አጨዳና በከብት ጥበቃ ዓመታት የቆየ ዓይን ለሞራ ይጋለጣል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ከራስ ላይ የተጣለ ነጠላ ቀላል መከላከያ ነው።

ነገ ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ካለዎት፣ ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ይስጡት፦ መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሥራ፣ ሳይጠማህ ጠጣ፣ በሙቀት የወደቀ ሰው ብታይ አትሸፍነው፤ አርጥበው።