አጃቢው ማሽን እና ቅኝታችን

በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ማጀብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዜማው በመጀመሪያ በቁም፣ ያለ መሣሪያ ይወጣል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይከተለዋል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል። ለዘፈን የተሠራው ራስ-ሰር አጃቢም ደረጃ አለው፦ መግቢያ፣ እየደመቁ የሚሄዱ ክፍሎች፣ መሸጋገሪያና መዝጊያ። ዋናው ጉድለቱ ግን ቅኝታችንን አለማወቁ ነው። ቅኝቱን መጠበቅ የተጫዋቹ ድርሻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንደ ያማሃ ፒ ኤስ አርና ኮርግ ፒ ኤ ባሉ ኪቦርዶች ላይ ግራ እጅ ኮርድ ይይዛል፤ ማሽኑ ኮርዱን ለይቶ በተመረጠው ስታይል ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ፒያኖ ያሰማል፤ ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል። በኮምፒዩተር ደግሞ የካናዳው ፒ ጂ ሚውዚክ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ አለ፤ የኮርዶቹን ስም ጽፎ፣ ስታይልና ቴምፖ መርጦ ማስጀመር ነው። አይሪያል ፕሮ ተመሳሳዩን ሥራ በስልክ ይሠራል፤ ለልምምድ ይበቃል።

ማሽን አጅቦት የኢትዮጵያን ዜማ ለዓለም ያደረሰ ሰው አለን። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርዶችና በድራም ማሽን አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭ አድማጭ አግኝቷል። ማሽኑ ምቱን ያዘ እንጂ ዜማውን አልመራም፤ ዜማው የአገሩን መልክ እንደያዘ ቀረ።

ችግሩ የሚመጣው ኮርድ ላይ ነው። በአንድ ጣት «ዶ» ሲነካ ማሽኑ ከራሱ «ሚ»ንና «ሶል»ን ይጨምራል። ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ይህን ይቀበላል፤ የ«ላ» ማይነርም ከቅኝቱ አይወጣም። የ«ፋ» ሜጀር ሲነካ ግን «ፋ»፣ የ«ሶል» ሜጀር ሲነካ ደግሞ «ሲ» ከውጭ ይገባሉ። ባቲ ሜጀርም (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) የ«ዶ» ሜጀርን አይቃወምም። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ግን «ሚ» የለውም፤ ማሽኑ «ሚ»ን ሲያስገባ ቅኝቱ ይፈርሳል። መፍትሔው «ዶ»ንና «ሶል»ን ብቻ መያዝ፣ ወይም የ«ፋ» ማይነርንና የ«ሬ ፍላት» ሜጀርን መጠቀም ነው። አንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ከሁሉም ይከብዳል፤ ንጹሕ «ሶል» እንኳ ስለሌለው ጊታሩንና ፒያኖውን ዘግቶ ድራምና በ«ዶ» ላይ የሚጸና ቤዝ ብቻ መተው ይሻላል።

ምቱም የራሱ ጥያቄ አለው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ከፋብሪካ የሚመጡት ስታይሎች ግን አብዛኞቹ በአራት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ስድስት ስምንተኛ ስታይል ፈልጎ የከበሮውን ጠንካራ ምት ወደ አገርኛው አስተካክሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀረርቶና ፉከራ በተወሰነ ቴምፖ አይሄዱም፤ እዚያ ላይ ማሽኑን ማጥፋት ነው። ማሲንቆ የድምፃዊውን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ስታይል አይጠብቅም።

እንግዲህ ለመግዛት የተነሣ ሰው የስታይሉን ብዛት አይቁጠር። ከሁለት ድምፅ የተሠራ ኮርድ ይቀበላል ወይ? እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ መዝጋት ይቻላል ወይ? የራስን ምት ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? አራቱም «አዎ» ከሆኑ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም ይበቃል፤ የመጀመሪያው «አይ» ከሆነ ግን ውድ መሆኑ አያድነውም።

በጎጃም መንደሮች በኪቦርድ ሰርግ የምታጅቡ ወጣቶች፣ አዲስ ስታይል ከመፈለጋችሁ በፊት አራቱን ቅኝቶች በማሲንቆ ወይም በክራር ተማሩ። ቅኝት በጆሮው የገባ ተጫዋች ማሽኑ የሚሳሳትበትን ቦታ ወዲያው ይሰማል፤ ያርመዋልም።