የግቢ ንጣፍ፤ ጌጡ ከላይ፣ ብርታቱ ከታች

ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንዳይደለ የታወቀ ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ሕፃናት የሚሮጡበት፣ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት፣ በርበሬና እህል የሚሰጣበት ግቢ የቤቱ ግማሽ አካል ነው። ወደ ቤት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሳሎኑን ሳይሆን ከደጁ እስከ በረንዳው ያለውን መንገድ ነውና፣ የባለቤቱ ጠባይ ከዚያ ይታወቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ፣ እስከ ሰሚትና እስከ አያት ባሉት ሠፈሮች ቤት የሠራ ሁሉ ግቢውን በሲሚንቶ ለማስጌጥ መትጋቱ የሚመሰገን ነገር ነው። ዛሬ አርማታ ግራጫ ሆኖ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቀለም ይገባበታል፤ ገና እርጥብ ሳለ በላስቲክ ማተሚያ ተጭኖ ጥርብ ድንጋይ ወይም ጡብ ወይም ሳንቃ ይመስላል፤ ወይም ፊቱ ታጥቦ በውስጡ ያለው ጠጠር እንደ ዕንቍ ብቅ እንዲል ይደረጋል።

ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ይህ ጌጥ ሁለትና ሦስት ክረምት ሳያልፈው በአንድ ወገን ሲያብጥ፣ በአንድ ወገን ሲሰምጥ፣ በመካከሉም ሲሰነጠቅ እናያለን። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ግንበኛውን ይወቅሳል፤ ግንበኛውም ሲሚንቶውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ካላዩት ስፍራ፣ ይኸውም ከንጣፉ በታች ካለው መሬት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ለማስረዳትና ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ምክር ለማቅረብ የታሰበ ነው።

ሲሚንቶ በአገራችን

ድንጋይን በማጣበቂያ አያይዞ መሥራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ጥበብ አይደለም። የጐንደር ነገሥታት በ17ኛው መቶ ዓመት ግንቦቻቸውን ያቆሙት በድንጋይና በኖራ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ሲሚንቶ ግን የመጣው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ፖርትላንድ ብሎ ለሰየመው ዱቄት የባለቤትነት ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ። ከዚያም የአዲስ አበባውና የሙገሩ፣ በኋላም ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ የለሚ ፋብሪካ ተመርቋል። ሲኤምሲ የሚባለው ሠፈር ራሱ ስሙን ያገኘው በዚያ ቤት ከሠራው የኢጣልያ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ማኅበር ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። እንግዲህ ሲሚንቶው አለ፤ ግንበኛውም አለ፤ የሚያስፈልገው የአገሩን መሬት ጠባይ ማወቅ ነው።

የመሬቱ ጠባይ

በምሥራቅ አዲስ አበባ በብዙ ስፍራ ከሥር ያለው መሬት ጥቁር አፈር፣ ገበሬዎቻችን ዋልካ ወይም መረሬ የሚሉት ነው። ይህ አፈር ለጤፍ የተመቸ ቢሆን ለንጣፍ ግን አስቸጋሪ ነው። በውስጡ ያለው ጭቃ ከደቃቅ ቅጠሎች እንደ ተነባበረ ያለ ነውና፣ በክረምት ውሃ በቅጠሎቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በላዩ ያለውንም ወደ ላይ ይገፋል። በበጋ ውሃው ሲወጣ አፈሩ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል። በላዩ ያለው አርማታ ይህን መነሣትና መውደቅ በየዓመቱ ሊከተል አይችልም፤ አርማታ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲያጐብጡት ግን ደካማ ነውና ይሰነጠቃል።

በሚኔሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ግቢ ንጣፍ የተጻፈ ምክር ለዘመዶቻቸው ይልካሉ። በዚያ አገር ያለው ጭንቀት በረዶ ነው። ወደ አርማታው ቀዳዳ የገባ ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ይጨምራልና የአርማታውን ፊት ይገሸልጠዋል። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ጉዳቱን ያበዛል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች በአርማታው ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ የሚፈጥር መድኃኒት ይጨምራሉ፤ ውሃው ሲረጋ የሚሰፋበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ብትሆንም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም፣ ንጣፋችንን የሚገሸልጥ የበረዶ ክረምት የለብንም። እንግዲህ ለአረፋው መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ለእኛ ከንቱ ነው። ነገሩ በሥሩ ሲመረመር ግን ጠላቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ እርሱም ውሃ ነው። በዚያ አገር በረዶ ሆኖ ከላይ ያፈርሳል፤ በእኛ አገር ወደ ዋልካው ገብቶ ከታች ያፈርሳል። ስለዚህ ለቦሌ ግቢ የሚሆነው ጥበብ ሁሉ ውሃን ከሥር አፈር ማራቅ ነው።

የአሠራሩ ሥርዓት

1ኛ፤ ጥቁሩን አፈር ቈፍሮ ማውጣትና በምትኩ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ለመኪና መግቢያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል መቈፈር ይገባል፤ ጥቁሩ አፈር እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ልኩን መሐንዲስ ይወስን። ሙሌቱ በአንድ ጊዜ አይፈስስም፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተደረበ በየድርቡ ውሃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። ከጉድጓዱ የወጣውን ዋልካ መልሶ መሙላት ግን ገንዘብን ከአፈሩ ጋር መቅበር ነው።

2ኛ፤ ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ መዳፋት አለበት። በየአንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ለዓይን አይታወቅም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። የጣሪያው አሸንዳ ውሃም በንጣፉ ዳር እንዳይፈስስ በቱቦ ወደ ቦይ ይወሰድ። አባቶቻችን በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከአንድ ዐለት ሲፈለፍሉ፣ የዝናቡ ውሃ በግቢው እንዳይተኛ መውጫ ቦይ አብረው ፈልፍለዋል። ለዐለት እንኳ ይህ ያህል ከታሰበ፣ ለዋልካ ምን ያህል ሊታሰብ ይገባ!

3ኛ፤ የአርማታው ቅልቅል በልክ ይሁን። የተለመደው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ነው፤ የሚሰፈረውም በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ነው። ሠራተኛ ሥራው እንዲቀለው ውሃ ማብዛት ይወዳል። የበዛው ውሃ ግን ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አርማታውም ደካማ ይሆናል። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ይቀነሳል። ውፍረቱ ለቤት መኪና 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከባድ መኪና ለሚገባበት እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

4ኛ፤ መለያ መስመር ይቈረጥለት። አርማታ ሲደርቅ መኰማተሩ አይቀርም፤ ስፍራ ካልሰጡት ራሱ በፈቀደው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ንጣፍ በየ2 ሜትር ተኩል ወይም በየ3 ሜትር፣ የውፍረቱን አንድ አራተኛ ያህል ጠልቆ ይቈረጥ። ብልህ ግንበኛ መስመሩን ከጌጡ ሥዕል ጋር አስማምቶ ይሰውረዋል።

5ኛ፤ ውሃ ማጠጣት አይዘንጋ። አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው። የደጋችን ፀሐይና የበጋው ነፋስ የአርማታውን ፊት ቶሎ ያደርቁታልና፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን ማጠጣት ይገባል። መሐንዲሶች ብርታቱን የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ መኪና ለማስገባት መቸኰል አይገባም።

ጥቁሩ አፈር በጣም ጥልቅ ሆኖ ሁሉን ማውጣት ካልተቻለ፣ አንድ ወጥ አርማታ ከማፍሰስ ይልቅ በአሸዋ ላይ የሚደረደር ጥርብ ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ይመረጣል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የከተማችን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በዚህ ዓይነት ድንጋይ ተነጥፈው ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነዋል። ጥቅሙም ይህ ነው፤ መሬቱ ቢነሣ ወይም ቢሰምጥ ድንጋዩን አንሥቶ፣ ከሥር አስተካክሎ፣ ያንኑ ድንጋይ መመለስ ይቻላል። የተሰነጠቀ ጌጠኛ አርማታ ግን ቢጠገን ጠባሳው አይጠፋም፤ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር አይገጥምምና።

ስለ ጌጡ

መሠረቱ ከተደላደለ በኋላ ስለ ጌጡ ማሰብ የተገባ ነው። ቀለሙ ከብረት ዝገት የሚወጣው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ይሁን፤ እንዲህ ያለው ቀለም የደጋውን ፀሐይ ይችላል። መጠኑም ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 10 አይለፍ፤ ሲበዛ ብርታቱን ይቀንሳል። ቀለሙ በየቅልቅሉ በሚዛን ካልተለካ ግቢው እንደ ተጣፈ ልብስ ሆኖ ይቀራል።

ፊቱ እንደ ሊሾ የለሰለሰና በሚያብለጨልጭ ቅብ የተቀባ ንጣፍ ለዓይን ያምራል፤ በሐምሌ ዝናብ ግን በከዘራ ለሚሄዱት አረጋውያንና ለሚሮጡት ሕፃናት አደጋ ነው። ስለዚህ ከበረንዳው ውጭ ያለው ሁሉ ሸካራ ይሁን። ጠጠሩ እንዲታይ የታጠበው ዓይነት ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ እግር አያንሸራትትም፤ አቧራና ጭቃም ቶሎ አይታይበትም።

የቤቱ እመቤትም ሥራው ሳይጀመር ምክር ትጠየቅ። የድንኳን ካስማ የት ይተከላል? ግቢው ሁሉ አርማታ ከሆነ በሠርግ ዋዜማ ንጣፉን መውጋት ሊመጣ ነው፤ አስቀድሞ ግን ክዳን ያለው አጭር የብረት ቱቦ በየማዕዘኑ ቢቀበር ችግሩ ይቀራል። የበዓል በግ የሚታረድበት ስፍራ የት ነው? ደምና ስብ በቀለማማው አርማታ ውስጥ ገብቶ አይለቅምና፣ ከጓሮ ቦይ ያለው ተራ ንጣፍ ይዘጋጅለት። የከሰል ምድጃም በተቀባው ንጣፍ ላይ እንዲሁ አይቀመጥ፤ ፍሙ ቅቡን ያቃጥላልና ከሥሩ ድንጋይ ይደረግለት። የበርበሬው ስጥ ደግሞ የመኪና ዘይት ከሚንጠባጠብበት የራቀ ይሁን።

ስለ ጐረቤትና ስለ ከተማው

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ግቢውን ሁሉ በአርማታ የደፈነ ሰው ዝናቡን አላጠፋውም፤ ወደ ሌላው ሰደደው እንጂ። ያ ውሃ በጐረቤት አጥር ሥር ገብቶ የእርሱን ዋልካ ያሳብጣል፤ ግድግዳውንም ይሰነጥቃል፤ ከዚያም በመንገዱ ጐርፍ ሆኖ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ብዙ ዘመን በሰላም የኖሩ ጐረቤቶች በዚህ ምክንያት ሲጣሉ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ በአጥሩ ዳር ቦይ ይሠራ፤ ከግቢውም ጥቂቱ፣ ከቤቱ መሠረት የራቀው፣ ለሣርና ለአበባ ይተው። እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ብዙ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ ግን ከንጣፉ አጠገብ አይተከል፤ ሥሩ አፈሩን አድርቆ ያኰማትረዋልና።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ግቢ ለማስነጠፍ ስታስቡ ገንዘባችሁን በሦስት ክፈሉ ብንል መልካም ነው። የመጀመሪያው ለሙሌቱ፣ ሁለተኛው ለአርማታውና ለቦዩ፣ ሦስተኛው ለጌጡ ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀረው ጌጡ ይሁን፤ ጌጥ በሌላ ዓመት ሊጨመር ይችላል። ሙሌት ግን አንድ ጊዜ አርማታ ከፈሰሰበት በኋላ የሚጨምረው የለም።