ስንት ቀን የሚበቃ ኪኒን አለህ?

ደቡብ አፍሪካ፣ አሌክሳንድራ በምትባለው ሰፈር ውስጥ በነርስነት ስሠራ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደጣለው አይደለም። «ስንት ቀን የሚበቃ ኪኒን አለህ?» እላለሁ። ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት ከኮሮና ወዲህ ነው።

ደቡብ አፍሪካ መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. እንቅስቃሴ ስታግድ ክሊኒኮች ክፍት ነበሩ። ታክሲ ግን በተወሰነ ሰዓት ብቻ ሆነ፣ ወታደር መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰዉም ክሊኒክ ሄጄ በሽታ ይዤ ልመለስ ወይ እያለ ቤቱ ቀረ። የደም ግፊት ኪኒን ጥቂት ቀን ቢዘለል ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታወቅም። እንደ ቫልፕሮኤት ወይም ካርባማዘፒን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ግን በቀናት ውስጥ ሊጥል ይችላል፤ መጣሉ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቀጠለም ለሕይወት ያሰጋል። በዚያ ላይ የአሌክሳንድራ ቤት ጠባብ ነው፤ የላምባ ምድጃውና አልጋው ጎን ለጎን ናቸው።

የአገራችን የኢትዮጵያ ልጆች ነገር ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ሎኬሽን (እንደ አሌክሳንድራ ባለ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ የያዙት ብዙዎቹ በሩን ከውስጥ ቆልፈው እዚያው ያድራሉ። ሌሊት አንዱን ቢጥለው ማን ከፍቶ ይገባል? አንዱ ልጅ ሕመሙን አብሮት ለሚሠራው እንኳ አልነገረም ነበር፤ ከሥራ እንዳይወጣ፣ ኪኒኑን ትቶ ጠበል ብቻ እንዲይዝ እንዳይጫኑት ፈርቶ። የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት ስለነበርም ክሊኒክ በር ላይ የሚመልሱት መሰለው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል። ይህን በአማርኛ የነገረው ሰው አልነበረም።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ፤ እዚሁ አሌክሳንድራ፣ አሌክስ ፕላዛ የገበያ ማዕከል ውስጥ በ2010 ዓ.ም. መድኃኒት የሚያድል ማሽን ተተክሏል፤ ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው በስክሪን ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር እያወራ ኪኒኑን ይቀበላል፣ ረጅም ሰልፍ ሳይጠብቅ። ወረርሽኝ ባይኖርም እንዲህ ያለው አገልግሎት መስፋት አለበት ባይ ነኝ። ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰውም የሁለትና የሦስት ወር ኪኒን አንድ ላይ መስጠት ልማድ ይሁን፤ በየወሩ የሚያመላልሰው ምክንያት አይታየኝም።

ሕመሙን የደበቀው ያ ልጅ በኋላ መለዋወጫ ቁልፉን ለጎረቤቱ ባለሱቅ ሰጠ፤ ጎረቤቱንም ወደ እኔ ይዞት መጣ። ልጁን ሲጥለው ጎረቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አብረን ተለማመድን፦ ሰዓት ማየት፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ እንዲያሸተው ብሎ ክብሪት አለመጫር። ጎረቤቱ ክብሪቱን ስነግረው ደነገጠ፤ አገር ቤት ሲደረግ ያየው እሱን ብቻ ነበር።