ለሲም ሬሲንግ ስንት ብናወጣ ልክ ነው? ኪስንም ሰውነትንም የሚጠብቅ አወጣጥ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ለየት ያለ ነበር። ጠያቂው ሜሪላንድ የሚኖር የ34 ዓመት ወንድማችን ነው። ማታ ማታ ይሠራል፣ በየወሩ አገር ቤት ላሉት እናቱ ገንዘብ ይልካል፣ ከሥራ ሲመለስ የሚዝናናው ደግሞ በሲም ሬሲንግ ነው። አሁን ያለውን መሪ ቀይሮ 4,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሙሉ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ሊገዛ አስቧል። ባለቤቱ አልተስማማችም። መልእክቱ ሲያበቃ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የቀኝ እጄን አንጓ ያመኛል። ጠንከር ያለ ዕቃ ብገዛ ይሻለኝ ይሆን? ለዚህ ነገርስ ስንት ባወጣ ነው ልክ የሚሆነው?»

«ይሄ ደግሞ የሐኪም ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነው። ዕዳ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀት ያመጣል፣ ትዳር ውስጥ ገብቶ ያጣላል። ያለ ቦታው የተገዛ ዕቃ ደግሞ አንጓን፣ ወገብንና አንገትን ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እንያቸው።

ለመሆኑ ሲም ሬሲንግ ምንድን ነው?

በኮምፒውተር ወይም በፕሌይስቴሽን ላይ እውነተኛውን የመኪና ውድድር በሚመስል መንገድ መንዳት ነው። ከተራ ጌም የሚለየው በእጅ መሪ፣ በእግር ደግሞ የነዳጅ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል መኖሩ ነው። መሪው ውስጥ ሞተር አለ። ጎማው ሲንሸራተት ወይም መንገዱ ሲጎረብጥ ሞተሩ መሪውን እየገፋና እየጎተተ ለእጃችሁ ያሳውቃችኋል።

መዝናኛነቱ ጥሩ ነው። ትኩረት ይጠይቃል፣ ከሰው ጋር ያገናኛል፣ ከሥራ ጭንቀት ያሳርፋል። እኔም ተዉት አልልም። ችግሩ የዕቃው መሰላል ማለቂያ የሌለው መሆኑ ላይ ነው። ሁልጊዜ ከእናንተ ዕቃ የሚበልጥ ሌላ ዕቃ አለ።

መሰላሉ ምን ይመስላል?

ዋጋ እንደ ጊዜውና እንደ አገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ ገበያ በግርድፉ ግን እንዲህ ነው።

👉 የመጀመሪያው ደረጃ፦ ከ200 እስከ 400 ዶላር። እንደ ሎጂቴክ ጂ29 ያሉ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰሩ፣ መሪና ፔዳል አብረው የሚሸጡ ናቸው። ጂ29 በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ያገለገለ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ሊገኝ ይችላል።

👉 ሁለተኛው ደረጃ፦ ከ600 እስከ 1,200 ዶላር። መሪው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገጠምበት «ዳይሬክት ድራይቭ» የሚባለው ዓይነት፣ የተሻለ የፍሬን ፔዳልና ጠንካራ ማቆሚያ ይኖረዋል። እንደ ፋናቴክና ሞዛ ያሉ ድርጅቶች ትንንሾቹን ሞተሮች የሚሸጡት እዚህ አካባቢ ነው።

👉 ሦስተኛው ደረጃ፦ ከ2,000 ዶላር በላይ። የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የውድድር መኪና ወንበር፣ ትልቅ ሞተር፣ ሦስት ስክሪን እያለ ይቀጥላል።

ከምንም ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ሲገባ ለውጡ ትልቅ ነው። ወደ ሁለተኛው ሲወጣም ይታወቃል። ከዚያ በላይ ግን የምትጨምሩት ብር እየበዛ፣ የምታገኙት ልዩነት እያነሰ ይሄዳል። ፍጥነት የሚመጣው በዋናነት ከልምምድ ነው።

ከዋጋው ሌላ የማይታየው ወጪስ?

ብዙ ሰው የሚያስበው የመሪውን ዋጋ ብቻ ነው። አንዳንድ ጌሞች ግን ወርኃዊ ክፍያ አላቸው። ለምሳሌ አይሬሲንግ በመደበኛ ዋጋው በወር 13 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ ተጨማሪ መኪናና የመወዳደሪያ ትራክ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ12 እስከ 15 ዶላር ለብቻ ይገዛሉ። በአንድ የውድድር ወቅት አምስት አዳዲስ ትራክ ብትገዙ 70 ዶላር አለቀ ማለት ነው። እንደ አሴቶ ኮርሳና ግራን ቱሪዝሞ 7 ያሉት ግን አንዴ ከተገዙ ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቁም። ኮምፒውተሩን፣ ኢንተርኔቱንና ዕቃው ቤት ውስጥ የሚይዘውን ቦታም አስቡ። የአንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ ሙሉ ፍሬም ማስገባት ማለት የባለቤትን ቦታ መውሰድ ነው፤ ይሄም ወጪ ነው።

ሂሳቡን በሰዓት እናስላው

ቀመሩ ቀላል ነው። ከዕቃው ዋጋ ላይ በኋላ ብትሸጡት የሚያወጣውን ትቀንሳላችሁ፤ የቀረውን በትክክል ለምትጫወቱበት ሰዓት ታካፍላላችሁ። በትክክል የምትጫወቱበት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ዕቃው ሲመጣ በየቀኑ እጫወታለሁ» የሚለው ግምት አይቆጠርም። ባለፈው ወር ስንት ሰዓት ተጫወታችሁ? እሱን ያዙ።

ወንድማችን በሳምንት 3 ሰዓት ይጫወታል። በሁለት ዓመት 300 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

✅ በ300 ዶላር ገዝቶ በኋላ በ150 ቢሸጠው፣ ወጪው 150 ዶላር ነው። በሰዓት 50 ሳንቲም።

✅ በ4,000 ገዝቶ በኋላ በ2,000 ቢሸጠው፣ ወጪው 2,000 ነው። በሰዓት 6 ዶላር ከ70 ሳንቲም ገደማ።

✅ ያንኑ 4,000 በዓመት 24 በመቶ ወለድ በሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ ወስዶ በሁለት ዓመት ቢከፍለው፣ ወለዱ ብቻ ወደ 1,075 ዶላር ይጠጋል። አሁን በሰዓት ከ10 ዶላር በላይ ሆነ።

በሌላ በኩል እንየው። ታክስ ተቆርጦ በሰዓት 20 ዶላር እጁ ላይ ይገባል እንበል። ወለዱን ጨምሮ 5,075 ዶላር ለመክፈል 254 ሰዓት ሌሊት መሥራት አለበት። 300 ሰዓት ለመጫወት 254 ሰዓት እንቅልፍ አጥቶ መሥራት ማለት ነው። ይህን ካየ በኋላም «ይገባኛል» ካለ መብቱ ነው፤ ነገር ግን አይቶ ይወስን።

ታዲያ ጣሪያው ስንት ይሁን?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ ቅደም ተከተል ግን አለ። በመጀመሪያ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና ኢንሹራንስ። ቀጥሎ ለቤተሰብ የሚላከው። ከዚያ ዕዳ፣ በተለይ ወለዱ ከባድ የሆነው። ከዚያ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ፣ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ። ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው የመዝናኛ ብር ነው፤ የሲም ሬሲንግ በጀት የሚወጣው ከዚህ ላይ ነው። ለእናት የሚላከው ከተነካ ወይም ካርድ ከተሳበ ጣሪያው ታልፏል።

ዕቃው ካማራችሁ እቁብ ግቡ፣ ወይም በየወሩ 50 ዶላር ለብቻ አስቀምጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይሄ መንገድ አንድ የጤና ጥቅምም አለው። አእምሯችን አዲስ ነገር ለማግኘት ሲጠብቅ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እንቅስቃሴ ይጨምራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የዕቃ ግምገማ ቪዲዮ እያያችሁ «ይሄንንማ መግዛት አለብኝ» የምትሉት በዚህ ሰዓት ነው። ዕቃው ቤት ሲገባ ግን ስሜቱ ቶሎ ይለመዳል፣ ዓይንም ወደሚቀጥለው ዕቃ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያምራችሁን ዕቃ ወረቀት ላይ ጻፉና 30 ቀን ጠብቁ። ብዙው ምኞት እዚያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

«ነገ የውድድር ሹፌር ብሆንስ?» የሚሉም አሉ። ብሪታንያዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ጂቲ አካዳሚ የተባለውን የጌም ውድድር አሸንፎ እውነተኛ ሹፌር ሆኗል፤ በ2023 ፊልም ተሠርቶለታል። ፊልም የተሠራለት ግን እጅግ ብርቅ ነገር ስለሆነ ነው። ወጪውን እንደ መዝናኛ እንጂ እንደ ኢንቨስትመንት አትቁጠሩት።

ካወጣን አይቀር መጀመሪያ ለምን እናውጣ?

ሐኪም ስለሆንኩ መልሴ ከሰውነት ይነሳል።

1ኛ. መቀመጫ። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እናንተም ሳታውቁት ወገባችሁን ትወጥራላችሁ። የማይንቀሳቀስ፣ ጀርባን የሚደግፍ ወንበር ይኑራችሁ። ፍሬኑ እስከ መጨረሻ ተረግጦም ጉልበት ትንሽ መታጠፍ አለበት። ክርን ታጥፎ፣ አንጓ ቀጥ ብሎ፣ ስክሪኑ ከዓይን ትክክል ይሁን። ይህን በጥቂት ብር፣ አንዳንዴም በነጻ ማስተካከል ይቻላል።

2ኛ. የፍሬን ፔዳል። ርካሾቹ የሚለኩት እግራችሁ የተጓዘበትን ርቀት ነው። «ሎድ ሴል» ያለው ግን የረገጣችሁበትን ኃይል ይለካል፤ እግራችን ደግሞ ከርቀት ይልቅ ኃይልን በተሻለ ያስታውሳል። የነጂነት ብቃት ላይ ለውጥ የሚያመጣ ግዢ ካለ አንዱ ይሄ ነው።

3ኛ. መሪው፣ በመጨረሻ። የመሪ ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መሪ ብንወስድ፣ 2 ኒውተን ሜትር ማለት ጠርዙ ላይ 1.4 ኪሎ ገደማ እንደ ማንጠልጠል ነው። 8 ኒውተን ሜትር 5.4 ኪሎ ይሆናል። 25 ኒውተን ሜትር የሚደርሱት ትልልቆቹ ደግሞ 17 ኪሎ። ይህን ኃይል በድንገት፣ መኪናው ግድግዳ ሲመታ፣ አውራ ጣትና አንጓ ላይ አስቡት።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ጥያቄ ስንመጣ፣ የታመመ አንጓ በጠንካራ ሞተር አይድንም፤ ሊብስበት ይችላል። ለሱ የመከርኩት አንድም ዶላር የማያስወጣ ነው። የመሪውን ጉልበት ከሴቲንጉ ላይ በግማሽ ቀንስ። መሪውን አትጨብጥ፣ ያዝ ብቻ። ጠረጴዛው ከፍ ካለ ወንበሩን ከፍ አድርግ። ለሁለት ሳምንት አሳርፈው። ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅ የሚወድቅ ከሆነ ወይም ሕመሙ ካልተሻለ ግን ሐኪም ይየው። ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ሞተር ያላችሁ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ልትጋጩ ስትሉ አውራ ጣታችሁን ከመሪው ውስጥ አውጡ። ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን እንዳይነኩት።

ሌሎች መርሳት የሌለብን ነገሮች

👁 በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነገር ተመልከቱ፤ ዓይን ያርፋል።

🤢 የቪአር መነጽር የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ወዲያው አቁሙ፤ «እለምደዋለሁ» ብላችሁ አትግፉ። እስኪለቃችሁ ድረስም እውነተኛ መኪና አትንዱ።

🚶 ቢያልባችሁም ሲም ሬሲንግ ስፖርትን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከየሰዓቱ ጨዋታ በኋላ ተነሱና ተራመዱ።

😴 ከሌሊት ሥራ ተመልሶ እስከ ረፋድ መጫወት ከእንቅልፍ ላይ መስረቅ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ

መሪ ከአሜሪካ በሰው የምታስመጡ ከሆነ፣ እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220 ቮልት መሆኑን አትርሱ። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳይጎዳው መከላከያ ግጠሙ። ቢበላሽ ዋስትናው እዚህ ላይሠራ ስለሚችል፣ መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝለትን ተራውን ዓይነት መምረጥ ያዋጣል። በዶላር የተተመነ ነገር በብር ሲሰላ ደግሞ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እጅግ ተወዷል፤ የሰዓት ሂሳቡን በብር ሥሩት።

መቼ ነው ነገሩ ከመዝናኛ የሚያልፈው?

ብዙ ብር ማውጣት ብቻውን በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን አስፍሯል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር ማቃት፣ ጨዋታው ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳት እያመጣም መቀጠል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የቆየና ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ቤተሰብን በግልጽ የጎዳ መሆን አለበት።

እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦

❓ የዕቃውን ትክክለኛ ዋጋ ከባለቤቴ ደብቄያለሁ?
❓ ለዕቃ ብዬ ኪራይ ወይም ለቤተሰብ የምልከውን አዘግይቻለሁ?
❓ ከምጫወትበት ሰዓት ይልቅ ዕቃ የማይበት ሰዓት በልጧል?

ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ግዢውን አቁሙና ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሂሳቡን በግልጽ ተነጋገሩ። ሂሳቡ ከታወቀ በኋላም ማቆም ካቃታችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ነውር አይደለም።

ባጭሩ፦ ከሚተርፈው ላይ አውጡ፣ ያለ ዕዳ ግዙ፣ በሰዓት አስሉ፣ ከመቀመጫና ከፍሬን ጀምሩ፣ ሞተሩን መጨረሻ አድርጉት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ያላችሁ በኮሜንት ጻፉልን። መሪ ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!