ቀጣዩ እሳተ ገሞራ የት ይፈነዳ ይሆን?

በ654 ዓመተ ሂጅራ (1256 እ.ኤ.አ.) በመዲና አቅራቢያ ምድር ለቀናት ከተንቀጠቀጠች በኋላ ተሰንጥቃ እሳት ተፋች። የቀለጠው ዐለት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከተማይቱ ሳይደርስ ቆመ።

ስፍራው ሐረት ረሃጥ የተሰኘው የእሳተ ገሞራ ሜዳ አካል ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አፍ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ይዳፈናል፤ ቀጣዩ ፍንዳታ በሌላ ቦታ አዲስ አፍ ይከፍታል። ስለሆነም ጠበብት አንድን ተራራ ብቻ መጠበቅ አይበቃቸውም። የቀደሙትን አፎች ስርጭትና ዕድሜ፣ የመሬት ስንጥቆችንም አቅጣጫ በካርታ አስፍረው ዕድሉ የሚያመዝንበትን አካባቢ ያሰላሉ። ስሌቱ ቀን አይቆርጥም፤ ሆስፒታል የት ቢሠራ፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ የት ቢተከል እንደሚሻል ግን ያመለክታል።

የጊዜውን መቅረብ የሚጠቁመው የምድር ንቅናቄ ነው። በ2009 በሐረት ሉነይር ከ30,000 በላይ መንቀጥቀጦች ተመዝግበው ምድር 8 ኪሎ ሜትር ያህል በተሰነጠቀች ጊዜ፣ የሳዑዲ መንግሥት 40,000 ያህል ነዋሪዎችን ከአል-ዒስ አካባቢ አስወጣ። የቀለጠው ዐለት ግን ከምድር በታች ቀረ።

ዛሬ መዲና እጅግ ሰፍታለች፤ በውስጧም የእኛ ወገኖች ይኖራሉ። ማስጠንቀቂያ በሚሰጥበት ዕለት ነፍስን የሚያድነው፣ ወሬን ትቶ የሲቪል መከላከያን መመሪያ ፈጥኖ መከተል ነው።