ኪሎ ከቀነስን በኋላስ?

ስለ ውፍረት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዴት እንደሚቀነስ ነው። ለመቀነሱማ ብዙ ሰው ይቀንሳል። አንዱ ሐኪም አስደንግጦት፣ ሌላዋ ሠርጓ ደርሶባት፣ ሌላው ስፖርት ቤት የሦስት ወር ከፍሎ ይቀንሳል። ለመሆኑ ያ ሰው ከዓመት በኋላ የት ነው ያለው? በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከዚሁ ከአርባ ምንጭና ከአካባቢዋ ለመውሰድ ተሞክሯል።

በቅድሚያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሄደ ኪሎ የሚመለሰው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰውነታችን ስብ ሲቀንስበት ክፉ ቀን እንደመጣ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህም ወጪውን ይቆጥባል፣ ምግብ ደግሞ አብዝቶ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሌይበልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ክብደቱን 10 በመቶ ቀንሶ በዚያው የቆየ ሰው በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ሰውነቱ በማነሱ ብቻ ሊቀንስ ከሚገባው በላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአውስትራሊያ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥብቅ አመጋገብ ተከትለው ከቀነሱ በኋላ፣ የጥጋብና የረሃብ መልእክት የሚያደርሱት ሌፕቲንና ግሬሊን የተባሉት ሆርሞኖች ዓመት ካለፈም በኋላ ወደ ቀድሞ መጠናቸው አልተመለሱም ነበር። የኬቨን ሆል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሰላው ቁጥር ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል፤ ለእያንዳንዱ ለቀነሰ ኪሎ ሰውነታችን በቀን የሚያወጣው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲያንስ፣ የመብላት ፍላጎታችን ግን 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ስምንት ኪሎ የቀነሰ ሰው እንግዲህ በየቀኑ 800 ካሎሪ ያህል "ጨምር፣ ጨምር" የሚል ድምፅ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። እንዲህ ያለውን ሰው "ፈቃደ ደካማ ነው" ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ የሆርሞን ጉዳይ በሁሉም አገር አንድ ነው። የእኛን ሁኔታ ለየት የሚያደርገው የቀን መቁጠሪያችንና ማኅበራዊ ኑሯችን ነው።

የዐቢይ ጾምን እንውሰድ። ጾም ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንጂ የማቅጠኛ ዘዴ አይደለም፤ ይሁንና በ55 ቀን ውስጥ የሚከሱ ብዙዎች ናቸው። ከዚያ ፋሲካ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በዶሮውና በክትፎው ላይ በየቤቱ ጥሪው ሲጨመር የሁለት ወሩ ጥረት በጥቂት ሳምንት ይመለሳል። በተቃራኒው ጾም ላይ የሚወፍርም አለ፤ ዳቦ፣ ሳምቡሳና ዘይት የበዛበት ሽሮ ሥጋ ስለሌላቸው ብቻ ቀላል ምግብ አይሆኑም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። በጋሞ ደግሞ መስከረም ላይ መስቀል አለ። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ በሬ ለሚታረድበት በዓል "እኔ ሥጋ አልበላም" ብሎ የሚቀመጥ ሰው ካለ እሱ ራሱ ጥናት ሊደረግበት ይገባል! መስቀልን መተው አያስፈልግም፤ ኪሎ የሚመልሰው የበዓሉ ቀን ሳይሆን በዓሉ እስከ ጥቅምት ሲጎተት ነው።

ሌላው ስለ ሰው አፍ ነው። እኛ አገር ወፍሮ የመጣን ሰው "አማረብህ፣ ተስማምቶሃል" እንለዋለን። የከሳን ደግሞ "ምነው? ታመምክ እንዴ?" እንለዋለን። ኪሎ መቀነስ ለብዙ ዓመታት ከረሃብና ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ ሲታይ ስለኖረ ጥያቄው ከደግነት የመጣ ነው። ነገር ግን ሥራውን ያበላሻል። የቀነሰው ሰው ማንም አያመሰግነውም፤ እንዲያውም ያዝኑለታል፣ "በሞቴ" እያሉ ያጎርሱታል።

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገረው በስድስት ወር ውስጥ 9 ኪሎ ቀነሰ፤ የደም ስኳሩም በጣም ወረደ። የቀነሰው ለስላሳ መጠጥና የሌሊት እራት በማቆም ብቻ ነበር። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ጉበቱ ነው፣ ሳንባው ነው ማለት ጀመረ። አክስቴም አፈረች፤ ባሏን የምታስርብ መሰለባት። በዓመቱ 7 ኪሎው ተመለሰ፤ ስኳሩም አብሮ ወጣ። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ የተካሄደውና ዳይሬክት የሚባለው ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ተሳታፊዎች መካከል 10 ኪሎና ከዚያ በላይ መቀነሳቸውን እስከ ሁለት ዓመት ጠብቀው ከቆዩት 64 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ነበር። ኪሎው ሲመለስ በሽታውም ይመለሳል።

እንግዲህ ጠብቀው የቆዩት ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ መዝገብ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ሰዎችን ይመዘግባል። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፣ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር አለ። ስፖርት ለመቀነስ ያለው ድርሻ ከአመጋገብ ያነሰ ነው፤ የተቀነሰውን ለመጠበቅ ግን ዋነኛው እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ኪሎው እንደወረደ መጀመሪያ የሚያቆመው ስፖርቱን ነው።

የአንድ ሰዓት እንቅስቃሴ ሲባል ጂም ብቻ መታሰብ የለበትም። ከሲቀላ ሴቻ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ዳገት ነው። ይህን መንገድ ዛሬ በባጃጅ ነው የምንጨርሰው። የጨንቻና የዶርዜ ደገኛ ቆጮና ድንች በልቶ የማይወፍረው ቆጮ ቅባት የሚያቃጥል ምሥጢር ኖሮት አይደለም፤ እርሻው፣ ውኃውና ገበያው ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ነው። ያው ሰው ከተማ ወርዶ ሱቅ ሲከፍት ሳህኑ ሳይለወጥ መንገዱ ይለወጣል። ለአርባ ምንጭ ሙቀት መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ቀዝቃዛ ነው፣ 7 ሰዓት ላይ የሞከረ ግን በማግሥቱ አይደግመውም።

በምግብ በኩል አካባቢያችን አልነፈገንም። ሽፈራው ወይም ሀለኮ በየጓሮው አለ፤ ከበቆሎ ጋር በኩርኩፋ ሲበላ ሆድ ይይዛል። ሽፈራው በራሱ ያቀጥናል የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ፤ ጎመን ነው፣ ጥሩ ጎመን። አሳም ፕሮቲን ስለሆነ ቶሎ ያጠግባል፤ በዘይት ተጠልቆ ከሚጠበሰው ይልቅ ሾርባው ወይም ጉላሹ ይመረጣል። ሙዝና ማንጎ መብላት እንጂ በስኳር ተፈጭተው በትልቅ ብርጭቆ ሲጠጡ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ሦስት ፍሬ ማንጎ ቁጭ ብሎ የሚበላ ጥቂት ነው፤ በጁስ መልክ ግን በሁለት ደቂቃ ይወርዳል።

መመዘንን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ ጥናት ኪሎ የቀነሱ 314 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታትሎ ነበር። በየቀኑ እንዲመዘኑ የተማሩትና በአካል እየተገናኙ የተመካከሩት ቡድን ውስጥ 2.3 ኪሎና ከዚያ በላይ የመለሱት 46 በመቶ ሲሆኑ፣ የጽሑፍ ምክር ብቻ በየጊዜው ከተላከላቸው ግን 72 በመቶ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው መመዘኑ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ሲጨምር ወዲያው እርምጃ መወሰዱም ነው። ሁለት ኪሎ በሁለት ሳምንት ይስተካከላል፣ ዘጠኝ ኪሎ ግን እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ሚዛን መግዛት አያስፈልግም፤ በከተሞቻችን መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ፣ በዚያው ሚዛን፣ ጫማ አውልቆ። አጎቴ አሁን የጀመረው ይህንኑ ነው፤ አክስቴም አብራው ትመዘናለች።