ታጥቦ የሚለቅ ኮላ
ከተማሪው ደብተር ወደ ልብስ ሰፊው መኪና

ግምጃ ማለት የከበረ ጨርቅ ነው፤ ግምጃ ቤትም እንዲህ ያለው ጨርቅና ሌላው ሀብት የሚጠበቅበት ቤት ነው። በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ በዚሁ ስም ትጠራለች። በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራና በዳንግላ ጨርቅ በአንድ መደርደሪያ፣ የተማሪ ኮላ በሌላ መደርደሪያ አስቀምጠው የሚሸጡ ባለሱቆች ሁለቱ ሸቀጦች የት እንደሚገናኙ ቢያውቁ ገበያቸው ይሰፋል። ሳይለዩ ቢሸጡ ግን የደንበኛውን ልብስና የራሳቸውን ስም አብረው ያበላሻሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ቁርጥራጭ ጨርቆችን ገጣጥመው፣ በመካከሉ ጥጥ አግብተው፣ ከሥሩ ገበር አድርገው ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። የጨርቁ ጠርዝና ጠርዝ በትክክል ካልተጋጠመ ሥራው ሁሉ ይንሻፈፋል። ስለዚህ ቀድሞ በስፒል ይይዙት ወይም ለጊዜው በእጅ አራርቀው ይሰፉት ነበር። አሁን ብዙዎቹ በዚህ ፈንታ ተማሪዎች ወረቀት የሚያጣብቁበትን፣ በውሃ የሚታጠበውን ነጭ ኮላ ይጠቀማሉ። ስፒል የመኪናውን መርፌ ይሰብራል፤ ጣትም ይወጋል። ኮላው ግን ጨርቁን ሳያንሸራትት ይይዛል፤ ልብሱ ሲታጠብም ተሟሙቶ ይሄዳል።

ይህ አሠራር ለአገራችን እጅግ እንግዳ አይደለም። እንደ ባሕር ዳሩ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ድሩ በመኪናው ላይ እንዳይበጠስ ቀድሞ በስታርች ይቀባል፤ ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ስታርቹ ታጥቦ ይወጣል። በአንጻሩ በጎጃምና በጣና ደሴቶች ካሉ የመቅደስ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ለሠዓሊው ማጣበቂያ ክብሩ አለመልቀቁ ነው፤ ለልብስ ሰፊው ኮላ ግን ክብሩ መልቀቁ ነው። ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ነገርም ይኸው ነው።

በደጋማው የአዊ አገር ጋቢ ከቤት የማይታጣ ልብስ ነው። ጋቢ አራት ንብርብር ያለው የጥጥ ጨርቅ ስለ ሆነ፣ ዳርና ዳሩ በሚሰፋበት ጊዜ አንዱ ንብርብር ከሌላው እየተንሸራተተ ያስቸግራል። የሚታጠብ ልብስ በመሆኑም ይህ ኮላ ሊያገለግልበት ይችላል። ነገር ግን ጥጡ በቤት እመቤት እጅ የተፈተለ፣ በሸማኔ እጅ የተሸመነ ነው። ልብስ ሰፊው በስሕተት የማይለቅ ኮላ ቢቀባበት የብዙ ወራት ድካም በአንድ መሥመር ይበላሻል፤ ልብስ ሰፊውም የሚከፍለው ከእጅ ሥራ ዋጋው በላይ ይሆናል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሱቁ ነው። ነጩ ኮላ ሁሉ በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል። ብዙዎቹ ነጭ ኮላዎች የሚሠሩበትን ፖሊቪኒል አሴቴት የተባለውን ነገር ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍሪትዝ ክላቴ በ1912 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። ዛሬ ከዚሁ ዘር ለአናጢ የሚሆነውም፣ ለተማሪ የሚሆነውም ይወጣል። የአናጢው ከደረቀ በኋላ ውሃን እንዲቋቋም የተሠራ ስለ ሆነ ከጨርቅ ላይ በቀላሉ አይወጣም። የጫማ ሠሪው ማስቲሽና በቅጽበት የሚይዘው ሱፐር ግሉም ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆኑም። ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ፣ ባለሱቁም ሲሸጥ፣ በብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ «ዋሸብል» የሚለው ቃል መጻፉን፣ ትርጓሜውም «የሚታጠብ» ማለት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ኮላው በስፌቱ ኅዳግ ውስጥ፣ ከጠርዙ ከ6 ሚሊሜትር ሳያልፍ፣ እንደ ክር በቀጠነ መሥመር ይፈስሳል። ሁለቱ ጨርቆች ይጋጠሙና ሞቅ ያለ ደረቅ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ይጫንባቸዋል፤ ኮላው ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በመኪና ይሰፋል። ግጥሙ ቢሳሳት ቦታውን በውሃ አርሶ ማላቀቅ ይቻላል። ኮላው ከበዛ ግን ስፌቱን ያደድራል፤ መርፌውንም ያጣብቃል። ሥራው ሲያልቅ ልብሱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።

ከዚህ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ከሁሉ ይበልጣል። ውሃ የማያገኘው ልብስ ይህን ኮላ ማግኘት የለበትም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓል ፈረሶች አጊጠው ይወጣሉ። የፈረሱ ግላስ ከከፋይ የተሠራ ወይም ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ፣ ማጠብ ስለሚያበላሸው እንደ ጥንቱ በመርፌና በክር መያዙ ይሻላል። የሚያጠራጥር ጨርቅ ሲያጋጥም ልብስ ሰፊው አስቀድሞ በብጣሹ ላይ ኮላ ቀብቶ፣ አድርቆና አጥቦ ይሞክረው። ባለሱቁም ይህን ምክር ከብልቃጡ ጋር ቢሰጥ ዋጋ አያስከፍለውም፤ ደንበኛ ግን ያተርፍለታል።

ስለ ዕቃው አያያዝም ማሰብ ያስፈልጋል። ነጭ ኮላ ውርጭ ከመታው ይቋጠራል፤ ክዳኑ ከላላም ይደርቃል። ስለዚህ በብርድ ወራት ከበረንዳ ላይ አይደር። የተማሪ ኮላ ገበያው በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው፤ የልብስ ሰፊው ሥራ ደግሞ በጥር ሠርግና በፋሲካ ዋዜማ ይበረታል። ከተማሪ የተረፈውን ብልቃጥ ለልብስ ሰፊ የሚያቀርብ ነጋዴ በአንድ ዕቃ ሁለት ወቅት ሊያገኝ ይችላል።

የአገር ልብስ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ኮላ የገባበት ስፌት ታጥቦ መለቀቁን ሳያረጋግጥ ዕቃውን አያሽግ። በባሕር ማዶ ያለው ገዢ ጋቢውን ሲዘረጋ በእጁ የሚዳስሰው የጥጡን ልስላሴ እንጂ የኮላውን ድርቀት መሆን የለበትም።